ምዕራፍ 9፦ ቅርጹ ያልታወቀን አገልግሎት መጥራት

ጀርመን ያለ ነጋዴ ጣሊያን ላለ ድርጅት ዕቃ ሲሸጥ የገዢው የተጨማሪ እሴት ታክስ ቁጥር በእርግጥ የተመዘገበ መሆኑን ማጣራት ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ የአውሮፓ ኮሚሽን ቪየስ የተባለ ሥርዓት አለው። ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ቁጥሩን መጻፍ ይቻላል፤ በቀን በርካታ ደረሰኝ የሚያወጣ የሒሳብ ሶፍትዌር ግን ሰው ተቀምጦ እንዲጽፍለት አይጠብቅም። ስለዚህ ኮሚሽኑ ያንኑ ማጣሪያ ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት መንገድ፣ ማለትም በዌብ ሰርቪስ አቅርቦታል። ቼክቫት የሚባለው ጥሪ የሚቀበለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የአገር ኮድና የታክስ ቁጥር። ሁለቱም ተራ ጽሑፍ ናቸው። ሲመልስ ደግሞ የተጠየቀበትን ቀን፣ ቁጥሩ ልክ መሆን አለመሆኑን፣ አባል አገሩ ከፈቀደም የድርጅቱን ስምና አድራሻ ይሰጣል።

ይህን አንድ አገልግሎት ብቻ ለሚጠራ ፕሮግራመር ነገሩ ቀላል ነው። መግለጫውን ያነባል፣ ኮዱን ይጽፋል፣ ይጨርሳል። አሁን ሌላ ፕሮግራመር እናስብ። የእሱ ሥራ ተጠቃሚው የሰጠውን ማንኛውንም አድራሻ ተቀብሎ በዚያ ያለውን አገልግሎት የሚጠራ ፕሮግራም መሥራት ነው። ሶፕዩአይን የመሰሉ የመፈተሻ መሣሪያዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው። የተለያዩ ድርጅቶችን ሲስተሞች የሚያገናኙ ማዕከላዊ ሶፍትዌሮችም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው። ኮዱ በሚጻፍበት ቀን የሚጠራው አገልግሎት ገና አልተፈጠረም ይሆናል። ምን ዓይነት ዳታ እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ የሚያውቅ ሰው በቦታው የለም። ታዲያ እንዴት ይጠራል?

መልሱን አስቀድመን እንናገር። ያልታወቀ አገልግሎት መጥራት ይቻላል፤ ዓይነቱን ሳያውቁ መጥራት ግን አይቻልም። በዳይናሚክ ጥሪ፣ ማለትም የአገልግሎቱ ቅርጽ በሥራ ሰዓት በሚታወቅበት ጥሪ፣ የሚለወጠው ዕውቀቱ የሚመጣበት ጊዜና ዕውቀቱን የሚሸከመው አካል ነው። ቀድሞ ፕሮግራመሩ ያውቀው የነበረውን ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ እንዲያውቀው እናደርጋለን። ምዕራፉ ይህ ዝውውር እንዴት እንደሚካሄድና የት ላይ እንደሚቆም ያስረዳል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ስተብ፦ ቀድሞ የተዘጋጀው ጥሪ

ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን አይተን ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ የሚታወቁ ጉዳዮችን ማመልከቻ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይይዛል፤ ባለጉዳዩ ሲመጣ ስምና ቀን ብቻ ይሞላል። ሥራው ፈጣን ነው፣ ስሕተቱም ጥቂት። ሌላው ጸሐፊ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን የመሥሪያ ቤት ቅጽ ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ያነባል፣ እያንዳንዱ ሣጥን የሚፈልገውን ለይቶ ባለጉዳዩን ይጠይቃል፣ ከዚያ ይሞላል። ይህኛው ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን የትኛውም መሥሪያ ቤት ቢመጣ አይመልስም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ በኮምፒውተር ዓለም ስተብ ይባላል። ሐሳቡን ያደላደሉት የዜሮክስ ፓርክ ተመራማሪዎቹ አንድሪው ቢረልና ብሩስ ኔልሰን ናቸው። በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለን ፕሮሲጀር በራስ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ አድርጎ መጥራት እንደሚቻል አሳዩ። ሉፒን የተባለው መሣሪያቸው የአገልግሎቱን መግለጫ አንብቦ ዳታውን የሚያሽግና የሚፈታ ኮድ ራሱ ይጽፍ ነበር። ፕሮግራመሩ መልእክት በኔትወርክ እንዴት እንደሚጓዝ ማሰብ አላስፈለገውም። ኮምፓይለሩም ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ ቢገባ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይቃወማል።

የስተብ ዋጋ የሚታወቀው አገልግሎቱ አስቀድሞ ያልታወቀ ጊዜ ነው። ስለዚህ በ1991 የወጣው ኮርባ የተባለው ስታንዳርድ ከስተቡ ጎን ሁለተኛ በር ከፈተ፤ ጥሪን በሥራ ሰዓት ከባዶ የመገንባት ዘዴ። መግለጫዎች የሚቀመጡበት ማከማቻ ነበረው፤ «ኤኒ» የተባለ፣ ማንኛውንም ዋጋ ከዓይነቱ መግለጫ ጋር አብሮ የሚይዝ ዓይነትም ነበረው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዘዴዎች በሙሉ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

መግለጫው ምን ይዟል?

ዌብ ሰርቪስ በሰፊው የተስፋፋው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሶፕ 1.1 በግንቦት 2000 ወጣ፤ በኤክስኤምኤል የተጻፈ መልእክት እንዴት እንደሚታሸግ የሚደነግግ ነው። በመጋቢት 2001 ደብሊውኤስዲኤል 1.1 ተከተለ፤ ፕሮግራመሮች በአጭሩ ዊዝደል ይሉታል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የዳታን ዓይነት የሚገልጸው ኤክስኤምኤል ስኪማ ጸደቀ።

ዊዝደል በማሽን የሚነበብ የአገልግሎት መግለጫ ነው። አንደኛው ክፍሉ የዳታ ዓይነቶቹን ይዘረዝራል። ሁለተኛው መልእክቶቹን ይሰይማል። ሦስተኛው የትኛው ጥሪ የትኛውን መልእክት ተቀብሎ የትኛውን እንደሚመልስ ያስቀምጣል። አራተኛው መልእክቱ በምን ፕሮቶኮልና በምን አጻጻፍ እንደሚላክ ይናገራል። የመጨረሻው ትክክለኛውን አድራሻ ይሰጣል። ዳይናሚክ ደዋይ መንገዱን ከመጨረሻው ይጀምርና ወደ ኋላ ይጓዛል፦ ከአድራሻው ወደ አጻጻፉ፣ ከአጻጻፉ ወደ ጥሪው፣ ከጥሪው ወደ መልእክቱ፣ ከመልእክቱ ወደ ዓይነቱ። ዓይነቱ ላይ ሲደርስ ነው እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው።

ዓይነቱ ቀላል ከሆነ ጭንቅ የለም። የመጀመሪያው ኤክስኤምኤል ስኪማ 44 አብረውት የተሠሩ ቀላል ዓይነቶች አሉት፤ ጽሑፍ፣ ሙሉ ቁጥር፣ አስርዮሽ ቁጥር፣ ቀን፣ እውነት ወይም ሐሰት እና ሌሎችም። እያንዳንዱ በጃቫም ሆነ በሲ ሻርፕ የሚመጥነው አቻ አለው። አፓቼ አክሲስ የተባለው የጃቫ የሶፕ ላይብረሪ በሚሠራበት ጊዜ አንድ ፕሮግራመር «ኮል» በተባለው ኦብጀክት ላይ አድራሻውን፣ የጥሪውን ስም፣ የእያንዳንዱን ፓራሜትር ስምና ዓይነት ሞልቶ «ኢንቮክ» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ቼክቫትን የመሰለ አገልግሎት በዚህ መንገድ በጥቂት መስመር ኮድ ይጠራል።

ሌላ አገልግሎት ደግሞ የግዢ ትእዛዝ ይቀበላል እንበል። በትእዛዙ ውስጥ ደንበኛ አለ፤ በደንበኛው ውስጥ አድራሻ አለ፤ ከጎኑም የዕቃዎች ዝርዝር አለ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ፣ ብዛትና መለያ አለው። አክሲስ ይህን ለመላክ «ትእዛዝ ለሚባለው የኤክስኤምኤል ዓይነት የትኛውን የጃቫ ክላስ ልጠቀም? በምን ልተርጉመው?» ብሎ ይጠይቃል። ክላሱ ግን የለም። ፕሮግራሙ ሲጻፍ ትእዛዝ የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። የሌለ ክላስ ማስመዝገብ ስለማይቻል ጥሪው እዚህ ላይ ይቆማል።

ሦስት መውጫዎች

የመጀመሪያው መውጫ የጎደለውን ክላስ እዚያው በሥራ ሰዓት መፍጠር ነው። አፓቼ ሲኤክስኤፍ ይህን የሚያደርግ ዳይናሚክ ደዋይ አለው። ዊዝደሉን ያወርዳል፣ ከስኪማው የጃቫ ምንጭ ኮድ ያመነጫል፣ ኮዱን ኮምፓይል ያደርጋል፣ የተገኙትንም ክላሶች በአዲስ ክላስ ሎደር ይጭናል። በዶት ኔትም ሰርቪስ ዲስክሪፕሽን ኢምፖርተር የተባለው ክላስ ከኮምፓይለሩ ጋር ተጣምሮ ተመሳሳዩን ይሠራል። ክላሱ ተፈጠረ ማለት ግን የእኛ ኮድ በስሙ ያውቀዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሪፍሌክሽን ያስፈልጋል፤ የክላሱን ሜዳዎች አንድ በአንድ መጠየቅ፣ ስማቸውን ማየት፣ ዋጋ ማስገባት። መንገዱ ይሠራል፤ ወጪ ግን አለው። ምርት ላይ ባለው ሰርቨር ኮምፓይለር መኖር አለበት፣ የመጀመሪያው ጥሪ ይዘገያል፣ ክላስ ሎደሮቹ በአግባቡ ካልተለቀቁም ሜሞሪው እየሞላ ይሄዳል።

ሁለተኛው መውጫ ክላሱን ጨርሶ መተው ነው። ዓይነቱ ራሱ ዳታ ይሆናል። የትእዛዙን ቅርጽ የሚገልጽ አንድ ዛፍ በሜሞሪ እንይዛለን፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ስም፣ ዓይነት፣ ስንት ጊዜ መደገም እንደሚችልና ግዴታ መሆን አለመሆኑን ይይዛል። ዋጋዎቹም በዚያው ዛፍ ልክ ይሞላሉ። የፓይተኑ ዚፕ ላይብረሪ ይህን ይቀርባል፦ ተጠቃሚው እርስ በርሱ የተሰካካ ዲክሽነሪ ይሰጣል፣ ላይብረሪው ከስኪማው ጋር እያስተያየ ኤክስኤምኤሉን ይጽፋል። ከ2004ቱ ፒኤችፒ 5 ጋር የመጣው ሶፕክላየንትም በዊዝደሉ ያሉትን ጥሪዎችና ዓይነቶች ዘርዝሮ የሚያሳዩ ፈንክሽኖች አሉት፤ ዳታውንም ከአሬይ ይቀበላል። ተጠቃሚው በስክሪን የሚሞላው ቅጽ ያስፈልግ እንደሆነ ከዚህ ዛፍ በቀጥታ መሳል ይቻላል። ለማይታወቅ አገልግሎት ከሦስቱ የተሻለው ይህ ነው።

ሦስተኛው መውጫ ወደ ጥሬው ኤክስኤምኤል መውረድ ነው። በ2006 የወጣው የጃቫው ጃክስ ደብሊውኤስ 2.0 «ዲስፓች» የተባለ በር ሰጠ፤ ሙሉውን የሶፕ መልእክት ወይም ውስጡን ብቻ በኤክስኤምኤል አዘጋጅቶ መላክ ይቻላል። ዓይነት የሚባል ጥያቄ የለም፤ የተጻፈው ይሄዳል፣ የመጣው ይነበባል። ኃይሉም አደጋውም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። መልእክቱ ትክክል ስለመሆኑ የሚመሰክር ስለሌለ ስሕተቱ የሚታወቀው ከሩቁ ሰርቨር በሚመጣ ብዙ ጊዜ ግልጽ ባልሆነ የስሕተት መልእክት ነው።

ተደጋግመው የሚያሰናክሉ ነገሮች

ማንኛውንም መውጫ ብንመርጥ በተግባር የሚያደክሙ ዝርዝሮች አሉ። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው። ስኪማው ክፍሎቹን በተርታ እንዲመጡ ካዘዘ አድራሻን ከስም አስቀድሞ መላክ ስሕተት ነው፤ በዲክሽነሪ ያሰበ ፕሮግራመር ግን ቅደም ተከተል ትዝ አይለውም። ሁለተኛው የስም ክልል ነው። በኤክስኤምኤል አንድ ስም የሚታወቀው ከነክልሉ ነው፤ የውስጥ ክፍሎቹ ክልሉን ይያዙ አይያዙ የሚወስነው በስኪማው ራስ ላይ ያለች አንዲት ቅንብር ናት። እሷን ያላየ ደዋይ በዓይን ትክክል የሚመስል መልእክት ልኮ «የምፈልገው ክፍል የለም» የሚል መልስ ያገኛል።

ሦስተኛው ባዶነት ነው። ክፍሉ ጨርሶ አለመኖሩ፣ ክፍሉ ኖሮ ጽሑፍ አልባ መሆኑና «ዋጋ የለውም» ተብሎ በግልጽ መታወጁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የደንበኛን ስልክ በሚያድስ አገልግሎት ላይ አለመኖር «አትንካው» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ባዶ መላክ ደግሞ «አጥፋው»። አራተኛው ዝርዝር ነው። በርካታ ዕቃ ሲመለስ አሬይ፣ አንድ ብቻ ሲመለስ ግን ነጠላ ኦብጀክት የሚሰጥ ላይብረሪ አለ። የፒኤችፒው ሶፕክላየንት ልማዱ ይህ ነው፤ ሁልጊዜ አሬይ እንዲሰጥ ማዘዣም አለው። በዳይናሚክ ኮድ ውስጥ ይህ ልዩነት ለወራት ተደብቆ አንድ ቀን ድንገት ይወጣል፤ አንድ ዕቃ ብቻ ያለው ትእዛዝ የመጣ ቀን።

አምስተኛው ውርስ ነው። ስኪማው «ክፍያ» ብሎ የጠራው ዓይነት ራሱ ባዶ ሐሳብ ሆኖ በውስጡ የባንክ ክፍያና የካርድ ክፍያ የሚባሉ ልጆች ሊኖሩት ይችላሉ። ደዋዩ የትኛውን ልጅ እንደላከ በመልእክቱ ላይ በግልጽ ካልጻፈ ተቀባዩ አይረዳውም። ስድስተኛው ራሱን የሚደግም ዓይነት ነው፦ ክፍል በክፍል ውስጥ፣ ያም ደግሞ በሌላ ክፍል ውስጥ። ቅጹን አስቀድሞ እስከ ጫፉ ልሳል የሚል ፕሮግራም እዚህ ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ቅርንጫፉን ሲጠየቁ ብቻ መዘርጋት ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን መግለጫው ራሱ «አላውቅም» ሲል ነው። የዶት ኔት ዌብ ሰርቪሶች ዳታሴት የተባለውን የሠንጠረዥ ክምችት እንዲመልሱ ማድረግ በአንድ ወቅት የተለመደ ነበር። የዊዝደሉ መልስ ክፍል በዚህ ጊዜ የሚናገረው «እዚህ ላይ ስኪማ ይመጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ማንኛውም ነገር ይመጣል» የሚል ብቻ ነው። የሠንጠረዦቹ ዓምዶች የሚታወቁት መልሱ ሲደርስ ነው። በጃቫ ስተብ የሚያመነጩ መሣሪያዎች ከዚህ ምንም የሚረባ ክላስ አያወጡም። ዳይናሚክ ደዋይ ግን መልሱን ተቀብሎ ስኪማውን አስቀድሞ ያነባል፣ ከዚያም ዳታውን በስኪማው መሠረት ይፈታል። ዓይነቱ ከዳታው ጋር አብሮ ሲጓዝ ዳይናሚኩ መንገድ ከስተብ ይበልጣል።

ቅርጽን ማንበብ ትርጉምን ማወቅ አይደለም

እስካሁን ያየነው ሁሉ ስለ ቅርጽ ነው። በ2000 ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤምና አሪባ ዩዲዲአይ የተባለ የአገልግሎቶች መዝገብ ሲመሠርቱ የነበረው ተስፋ ከዚህ ያለፈ ነበር። ድርጅቶች አገልግሎታቸውን ያስመዘግባሉ፤ ፕሮግራሞችም ፈልገው፣ መግለጫውን አንብበው፣ ከማያውቁት ድርጅት ጋር ይሠራሉ ተባለ። ለሕዝብ ክፍት የነበሩት የማይክሮሶፍት፣ የአይቢኤምና የኤስኤፒ መዝገቦች በ2006 መጀመሪያ ተዘጉ። ቅርጹን ማንበብ ተችሎ ነበር። ከማያውቁት ሻጭ ጋር መዋዋል፣ የ«ዋጋ» ሣጥን ታክስን ያካትት እንደሆነ ማወቅ፣ ስሕተት ሲፈጠር የሚጠየቀውን መለየት ግን በስኪማ የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

ለእኛ አንባቢ ጉዳዩን የሚያጠራው የቀን ዓይነት ነው። የኤክስኤምኤል ስኪማ ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ላይ የተመሠረተ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚይዝ ሲስተም ጳጉሜ 3 ቀን 2016ን እንዳለ 2016-13-03 ብሎ ቢልክ ማረጋገጫው አስራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ደግ ስሕተት ነው፤ ወዲያው ይታያል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. 2017-01-01 ተብሎ ቢላክ ግን ምንም ተቃውሞ አይነሣም። ዓይነቱ ልክ ነው፣ ቅርጹ ልክ ነው፣ መልእክቱ ያልፋል። ሊባል የተፈለገው መስከረም 11 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሲሆን ተቀባዩ የተረዳው ጥር 1 ቀን 2017 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት ያለው ቀን ሁሉንም ፍተሻ አልፎ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። የትኛውም ዳይናሚክ ደዋይ ይህን አይይዝም፤ መግለጫው ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ነውና።

ጥያቄው ዛሬም አለ

ሶፕ ከፊት መሥመር ቢወርድም ጥያቄው አብሮት አልወረደም። በ2011 ስዋገር ተብሎ የተጀመረውና ዛሬ ኦፕንኤፒአይ የሚባለው መግለጫ ለጄሶን አገልግሎቶች ዊዝደል ለሶፕ ይሠራ የነበረውን ይሠራል። ፌስቡክ በ2015 ይፋ ያደረገው ግራፍኪውኤል ሰርቨሩን ራሱን «ምን ምን ዓይነት አለህ?» ብሎ የመጠየቅ መብት ለደዋዩ ይሰጣል። የጉግል ጂአርፒሲም ሰርቨሩ መግለጫውን በሥራ ሰዓት የሚያስረክብበት መንገድ አለው።

በኅዳር 2024 አንትሮፒክ ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ደግሞ ደዋዩን ራሱን ለወጠው። መሣሪያዎች ስማቸውን፣ በሰው ቋንቋ የተጻፈ ማብራሪያና የሚቀበሉትን ዳታ ስኪማ ያቀርባሉ፤ የቋንቋ ሞዴሉ አንብቦ ይሞላል። ከዩዲዲአይ ዘመን የተለየው ማብራሪያውን የሚያነብ ደዋይ መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለ ደዋይ ግን የጎደለውን ትርጉም በግምት ሊሞላ ይችላል፤ ግምቱም ከስኪማው ጋር እስከተስማማ ድረስ የሚያቆመው የለም። መስከረም 1 ላይ ያየነው ስሕተት እዚህም በዚያው መንገድ ያልፋል።

የቱን እንምረጥ?

የሚጠሩት አገልግሎቶች ጥቂትና የታወቁ ከሆኑ ስተብ ያመንጩ። ዳይናሚክ ጥሪ ዘመናዊ ስለሚመስል ብቻ መምረጥ ኮምፓይለሩ በነፃ የሚሰጠውን ጥበቃ መጣል ነው። አገልግሎቱ አንድ ብቻ ሆኖ መልእክቱም የማይለወጥ ከሆነ ጥሬው ኤክስኤምኤል ይበቃል። አገልግሎቶቹ በእርግጥ የማይታወቁ ከሆነ ዓይነቱን እንደ ዳታ የሚይዘውን የዛፍ መንገድ ይከተሉ፤ ክላስ በሥራ ሰዓት መፍጠርን ላይብረሪው ሌላ አማራጭ ላልሰጠበት ጊዜ ያቆዩት።

የዛፉን መንገድ ሲከተሉ መልእክቱን ከመላክዎ በፊት በስኪማው ያረጋግጡ፤ ስሕተቱ ከሩቅ ሰርቨር ከሚመጣ ከራስዎ ቢወጣ ይሻላል። የተነበበውን መግለጫ ያስቀምጡ፤ በየጥሪው ማውረድ ጊዜ ይበላል፣ ሲለወጥም ልዩነቱን ለማየት አሮጌው ያስፈልጋል። የተላከውንና የመጣውን ጥሬ መልእክት የምሥጢር ዳታውን ሸፍነው ይመዝግቡ። ተጠቃሚ የሰጠውን አድራሻ በጭፍን አይክፈቱ፤ አንድ ዊዝደል ሌሎች ስኪማዎችን ከሌላ አድራሻ ሊያስመጣ ስለሚችል ሰርቨርዎን ወደ ውስጥ ኔትወርክዎ እንዲያንኳኳ ሊያደርገው ይችላል። ፕሮግራምዎ የማያውቀው ዓይነት ሲገጥመው አይገምት፤ ቆሞ ይናገር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የሰው ሥራ ነው። እያንዳንዱ ሣጥን በማን አቆጣጠር፣ በምን ገንዘብ፣ በምን መለኪያ እንደሚሞላ የአገልግሎቱን ባለቤት ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። ማሽኑ ቅርጹን በራሱ ያነባል፤ ትርጉሙን ግን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።